ሁለት ጭራ ያለው ሽማግሌ

እሑድ ረፋድ ላይ የልጅ ልጃቸው በሩን ዘግታ ስትወጣ፣ እማማ ጥንቃቄ ጆሯቸውን ቀስረው የእግሯ ድምፅ ከደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ትንሿ ክፍል ገቡና መስኮቱ ሥር ከተቀመጠው ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ፊት በርከክ አሉ። ሳጥኑ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ ስክሪን የሌለው፣ ቀንና ሌሊት ትኩስ አየር እየተነፈሰ የሚያጉረመርም አሮጌ ኮምፒውተር። እሳቸው «ሽማግሌው» ይሉታል። ከኋላው የወጡትን ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ደግሞ «ጭራዎቹ» ይሏቸዋል። አንዱን ጭራ ነቀሉ፤ ሽማግሌው እንደ ተቆነጠጠ ሕፃን ጮኸ። ሁለተኛውን ነቀሉ፤ ጸጥ አለ።

«እንዲህ ነው እንጂ! እስቲ አንተም ትንሽ እረፍ፣ እኔም ትንሽ ልተንፍስ» አሉት።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው የተቀጠሩበት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ፣ አንድ ቀን የተረሳ ማሞቂያ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ፋይል ሲበላ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚሞቅ ነገር አያምኑም። ከመተኛታቸው በፊት ምድጃውን ሦስቴ ይነካሉ፤ ሰው ቤት በእንግድነት ገብተው እንኳ «ሶኬቱን ነቅላችኋል?» ሳይሉ አይቀመጡም። የሕንጻው ሰው «እማማ ጥንቃቄ» ያላቸው በዚህ ነው።

የልጅ ልጃቸው ግን ሽማግሌውን ባመጣችበት ቀን «እምዬ፣ ይህን ነገር እንዳትነኪው፤ መቼም ቢሆን መጥፋት የለበትም» ብላ አስምላቸዋለች። እሳቸውም ምለዋል። ይኸው አራት ወር ሙሉ፣ እሷ ከጓደኞቿ ጋር በእግር በምትወጣበት በየእሑዱ፣ መሐላውን ለሁለት ሰዓት ያህል ያፈርሱታል። ከመመለሷ በፊት ጭራዎቹን መልሰው ይሰካሉ፤ ሽማግሌውም በራሱ ነቅቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ማን አየ? ማንም።

በዚያ እሑድ መልሰው ሲሰኩት የግድግዳው ሰዓት አምስት ከሩብ ይል ነበር።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። እንደ ገባች ማውራት የምትጀምር ልጅ ስለሆነች ከትንሽነቷ ጀምሮ «ድንቢጤ» ነው የሚሏት። ዛሬ ድንቢጧ ድምፅ የላትም። ሻይ ቀድተው ፊቷ አስቀመጡላት፤ አልነካችውም።

«ምን ሆነሻል? አሞሻል? ሰው ተናገረሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እምዬ።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ሻይ ላይ እንዲህ አያፈጥም።»

ልጅቷ ቀን ቀን አንድ ክሊኒክ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የተረፈው ጊዜዋ ሁሉ የሚሄደው ግን ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ለተጻፈ፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች ለሚገለገሉበት አንድ ላይብረሪ ነው። ምን እንደሆነ ከዚህ በፊት አስረድታቸዋለች። ፕሮግራም በራሱ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ፋይል ለመክፈትም ሆነ ሰዓት ለመጠየቅ ለኮምፒውተሩ አለቃ፣ ሥርዓቱ ለሚባለው፣ በመስኮት በኩል ማመልከት አለበት። ዩኒክስ የሚባለው የሥርዓቶች ቤተሰብ ብዙ ልጆች አሉት፤ የሁሉም መስኮት ይመሳሰላል፣ የማመልከቻው ቅጽ ግን ከቤት ቤት ትንሽ ይለያል። አንዱ ጋ ለቁጥር የተተወው ሳጥን ሰፊ ነው፣ ሌላው ጋ ጠባብ። ላይብረሪው የየቤቱን ቅጽ በትክክል ጽፎ ይይዛል፤ ሌላው ፕሮግራመር ስለ ቅጽ ሳይጨነቅ ሥራውን ይሠራል። ይህ ለመዝገብ ቤት ሰው ከውሃ የጠራ ነገር ነበር። «ታዲያ ቅጾቹን የሚጠብቀው ማነው?» ብለው ሲጠይቋት «እኔና ሌሎች ስድስት ሰዎች፤ በየአገሩ ተበታትነን» አለቻቸው። ከቤቶቹ አንዱ፣ በዓለም ላይ ጥቂት ማሽኖች ብቻ የቀሩለት አሮጌ ሥርዓት፣ የእሷ ድርሻ ነው። ሽማግሌውም ቤታቸው የገባው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ የሚፈተነው እሱ ላይ ነው።

«የውሃ ባለሙያው አለ አይደል?» አለች በመጨረሻ። «የግድቡን የውሃ ከፍታ እንደ ሽማግሌው ባለ ማሽን የሚለካው። ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። ማሽኑ ከተነሳ ሃያ አራት ቀን በደንብ ይሠራል፤ በሃያ አምስተኛው ቀን ልኬቱ ይዘባረቃል፣ ማስጠንቀቂያውም ይቆማል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ላይ፣ ‹ጥፋቱ ያንተ ነው፤ የኛ ማሽን አራት ወር ሳያቋርጥ ሠርቶ አንዴም አልተሳሳተም› ብዬ መለስኩለት። አሁን መቀሱ ተነሳ።»

«መቀሱ ደግሞ ማነው?»

«ከስድስቱ አንዱ ነው። ትርፍ የመሰለውን ሁሉ ቆርጦ መጣል ይወዳል። ‹ስህተቱ ተገኝቶ መታረሙ ካልተረጋገጠ፣ በወሩ መጨረሻ ዓርብ ይህን አሮጌ ሥርዓት ከላይብረሪው እናወጣዋለን› አለ። ከወጣ ያ ሰውዬ አለቀለት። የሦስት ዓመት ልፋቴም አብሮ።»

እማማ ጥንቃቄ የያዙትን ማንኪያ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጡ። አራት ወር ሳያቋርጥ። ዝም ማለት ይችላሉ፤ ማን አይቷቸው? ግን ልጅቷ ስሟን አስይዛ የተናገረችው ቃል ውሸት ነው፤ ውሸቱ ደግሞ የእሳቸው ነው።

«ድንቢጤ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«ምን?»

«አልጠፋም ያልሽው… ጠፍቷል።»

«ምኑ?»

«ሽማግሌው። በየእሑዱ። ሁለቱንም ጭራ ነቅዬ። እሳት ይነሳል ብዬ እንጂ፣ አንቺን ለመጉዳት…»

ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳች። እማማ ጥንቃቄ ትከሻቸውን ሰብስበው ቁጣዋን ጠበቁ።

«በየእሑዱ? አንድም እሑድ ሳይቀር?»

«ጉንፋን ጥሎኝ የነበረ ጊዜ እንኳ አልቀረሁም» አሉ፤ ነገሩ ጥፋት መሆኑን ለአፍታ ረስተው።

«እምዬ!» ልጅቷ ግንባራቸውን ይዛ እየደጋገመች ሳመቻቸው። «ከሰባት ቀን በላይ በርቶ አያውቅማ! ሃያ አምስተኛውን ቀን አይቶት አያውቅም! ሰውዬው እውነቱን ነው!»

ወደ ላፕቶፗ ሮጠች። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስህተቱን አገኘችው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ሲጠየቅ በሰከንድ ሺህ እየቆጠረ ይመልሳል፤ ለዚህ ቁጥር የሽማግሌው ቤት ሰፊ ሳጥን አለው። እሷ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ቅጹን የገለበጠችው ከዚያው ቤተሰብ ከሌላ ልጅ፣ ከወንድምየው ቤት ነው። እዚያ ቆጠራው ዝግ ያለ ስለሆነ ጠባብ ሳጥን ይበቃዋል። እዚህ ያው ጠባብ ሳጥን በሃያ አራት ቀን ከሃያ ሰዓት ተኩል ጢም ይልና ቁጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

«የአንዱን ቤት ቅጽ ለሌላው ቤት?» አሉ እማማ ጥንቃቄ፤ የመዝገብ ቤት ደማቸው ፈላ። «እንኳን የኛ ሹም አልሰማሽ!»

«አውቃለሁ እምዬ፣ አውቃለሁ።»

«ለውሃው ሰውዬም ይቅርታ በይው። አሁኑኑ። እኔ እያየሁ።»

ጻፈችለት። እርማቱ አንዲት መስመር ነበረች። መቀሱ ግን ቀላል ሰው አይደለም። «አንዴ ‹አራት ወር› ብለሽናል፤ አሁን በዓይኔ ሳላይ አላምንም» ብሎ መለሰ። ስለዚህ ልጅቷ ሁለት ቁጥሮችን ከላይና ከታች የሚያሳይ ፈተና ጻፈች፤ የላይኛው በአሮጌው ቅጽ፣ የታችኛው በአዲሱ። ከእሑድ አምስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ሲሰላ፣ ጠባቡ ሳጥን የሚሞላው ዓርቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ለሁለት ሩብ ጉዳይ ግድም ነው።

«በመሃል አንዴ ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው እምዬ። ቀኑ ያልፍብናል።»

«በኔ ጣይው» አሉ።

እነዚያ እሑዶች እንዴት እንዳለፉ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። እጃቸው እየበላቸው ወንበር ስበው ሽማግሌው ፊት ይቀመጣሉ፤ በየሩብ ሰዓቱ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ ያሳርፋሉ፤ ከጎናቸው ከግንባታ ቦታ ለምነው ያመጡት አሸዋ በባልዲ ተቀምጧል። «ውሃ ቢሆን ይሻል ነበር» ሲሉ ልጅቷ «እምዬ፣ በኤሌክትሪክ ላይ ውሃ?» ብላ ጮኸችባቸው።

አስራ ዘጠነኛው ቀን ዓርብ ነበር። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። በሩ ተንኳኳ፤ ሲከፍቱት መሰላል የተሸከመ የመብራት ሠራተኛ።

«እማማ፣ የቤትዎን ቆጣሪ ልቀይር ነው። ለግማሽ ሰዓት ብቻ መብራት ይጠፋል።»

«አይጠፋም!»

«ማለቴ…»

«ልጄ፣ ከሚመጣው ሐሙስ በኋላ በፈለግህበት ቀን ና። ቁርስም እሰጥሃለሁ።»

«እናቴ፣ የታዘዝኩት ዛሬ ነው። ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅዎ ምንም አይሆንም።»

«ማን ስለ ፍሪጅ አወራ? ውስጥ ሽማግሌ አለ እኮ!»

ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውይ፣ ይቅርታ። በኦክስጅን ነው ያሉት?»

«ምን ኦክስጅን! ኮምፒውተር ነው። ግን ከጠፋ የልጅ ልጄ ጉድ ሆነች።»

ሰውዬው መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ሰዓቱን አየ። «አስር ደቂቃ እታገስዎታለሁ። ከዚያ በላይ አለቃዬ አይታገሠኝም።»

ልጅቷ ጋ ደወሉ፤ አታነሳም። ደጋገሙ፤ አታነሳም። ሄደው ሽማግሌው ፊት ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ጭራዎቹ ላይ አረፈ። የመጀመሪያው እሑድ ትዝ አላቸው። ያን ቀን አንዱን ጭራ ብቻ ነቅለው፣ ሽማግሌው እየጮኸ መሥራቱን አላቆም ብሏቸው፣ ሁለተኛውን እስኪያገኙ ድረስ ሲረግሙት ነበር። በአንዱ ጭራ ብቻ ይኖራል! ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ረጅሙን ማራዘሚያ ገመድ ከቁም ሳጥኑ መዝዘው ወደ ፊት ለፊት ቤት በረሩ። ጡረተኛው መምህር በፒጃማ በሩን ከፈቱ።

«መምህር፣ ሶኬት ያውሱኝ!»

«ጉድ እኮ ነው! ሬዲዮዎን ካልነቀሉ እያሉ ሲጨቀጭቁኝ የኖሩት እማማ ጥንቃቄ ናቸው እነዚህ?»

«ቀልዱን ኋላ ይደርሱበታል። ይልቅ ገመዱን ይሳቡልኝ!»

ገመዱ ኮሪደሩን አቋርጦ ገባ። እማማ ጥንቃቄ አንዱን ጭራ ከግድግዳው ነቀሉ። ሽማግሌው ጮኸ። ማራዘሚያው ላይ ሰኩት። ዝም አለ። ሌላውን ጭራ ባለበት ተዉት።

«በል አሁን ቁረጠው!» አሉ ወደ ኮሪደሩ።

አምፖሉ ጠፋ። ፍሪጁ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ፤ ግን ግንባሩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አልጠፋችም፤ ትኩስ ትንፋሹም አልተቋረጠ። እማማ ጥንቃቄ አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን እየደባበሱ «አይዞህ፣ አለሁልህ» ይሉታል። መምህሩ ጆሯቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው የሚጮኸው?»

«እስኪበቃው! እርስዎም ክፍል ውስጥ ሲጮሁ አርባ ዓመት ማን ከለከለዎት?»

ግማሽ ሰዓቱ አርባ ደቂቃ ሆነ። መብራቱ ሲመለስ ሽማግሌው ጸጥ አለ። ሠራተኛው መሰላሉን አንስቶ ሲወጣ ወደ ትንሿ ክፍል አንገቱን አስግጎ «ይማርልዎት» አለ።

ልጅቷ እያለከለከች ደወለች። «እምዬ! ሰባት ጊዜ ደውለሽ ነበር። ምን ሆንሽ?»

«ምንም። መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ሽማግሌውስ?»

«እኔ እያለሁ መቼ ይጠፋል!» አሉ እማማ ጥንቃቄ፤ ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱም ላፕቶፑ ፊት ተኮለኮሉ፤ መምህሩም ዛሬ ሸሚዝ ለብሰዋል። መቀሱና ሌሎቹ አምስት በየአገራቸው ሆነው ያንኑ ገጽ ያያሉ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሮጣሉ፤ ሁለት ቢሊዮን ከመቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አልፈዋል። ልጅቷ የእማማ ጥንቃቄን እጅ ጨብጣለች። እማማ ጥንቃቄ በሌላው እጃቸው ሽማግሌውን ይዘዋል፤ በዚህች ደቂቃ ሐሳቡን እንዳይቀይር።

«አስር ሰከንድ» አለች ልጅቷ። «አምስት… ሁለት…»

የላይኛው ቁጥር ፊቱ ላይ የመቀነስ ሰረዝ ብቅ አለችና ተገለባበጠ። የታችኛው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ መንገዱን ቀጠለ።

«አለፈ!» ልጅቷ ከወንበሯ ተወርውራ ተነሳች። «እምዬ፣ አለፈ!»

እማማ ጥንቃቄ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ቀን ያላሉትን እልል አሉ። መምህሩ አጨበጨቡ፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው ወለሉን ቢደበድብም ማንም አልሰማውም። ጩኸቱ ጋብ ሲል የመቀሱ መልእክት ገጹ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አየሁ። አሮጌው ሥርዓት ይቆያል። ላስወጣው ማሰቤ ስህተት ነበር።»

ከሰዓት በኋላ አዲሱ እትም ወጣ። ልጅቷ የምስጋናውን መስመር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፦ «ስህተቱን ላገኙትና ለሃያ አምስት ቀን ማሽኑን ለጠበቁት ለእማማ ጥንቃቄ።» ሁለቴ አስነበቧት። በማግስቱ የውሃ ባለሙያው ጻፈ፦ «ጭኜዋለሁ። በየሃያ አምስት ቀኑ ማሽኑን ላስነሳ ግድቡ ማማ ላይ ስወጣ ዓመት አለፈኝ። ከእንግዲህ ያን ቀን ከልጆቼ ጋር ቁርስ እበላለሁ።» እማማ ጥንቃቄ መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት።

እሑድ መጣ። ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች ፈገግ አለች። «እምዬ፣ ዛሬ ከፈለግሽ አጥፊው። ደስ ይበልሽ፤ ትንሽ ተንፍሺ።»

«ምን ሲደረግ?»

«ጨርሰናል እኮ።»

«ማን ጨረሰ?» እማማ ጥንቃቄ ወንበራቸውን ስበው ሽማግሌው ፊት ተቀመጡ፤ የአሸዋውን ባልዲም ጠጋ አደረጉት። «በሃያ አምስተኛው ቀን የተደናቀፈ ነገር፣ በሃምሳኛው አይደናቀፍም ያለሽ ማነው?»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ ጣሪያውን እያየች ማስላት ጀመረች፤ የጠባቡን ሳጥን እጥፍ የሚይዝ ሳጥን ያለበት ሌላ ቅጽ ካለ፣ እሱም የሚሞላው ልክ በሃምሳኛው ቀን ነው። ቀስ ብላም የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች።