እንግዳው ፊት የተሰጠ ድምፅ

ስልሳ ሦስት ሴቶች እጃቸውን ሲያወጡ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ግትር ይሉኛል። ይበሉ።

ቡሬ አጠገብ የበርበሬ አክሲዮን ማኅበር አለችን። በርበሬ ገዝተን፣ ቀንጥሰን፣ ፈጭተን እንሸጣለን። ስልሳ አራት ሴቶች ነን፤ የሁላችንም አክሲዮን እኩል ነው። ቦርዱ አምስት ወንበር አለው፤ አንዱ የእኔ ነው። የተማርሁት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ስሜን ግን አሳምሬ እፈርማለሁ።

ችግራችን ሻጋታ ነው። በርበሬውን መሬት ላይ ስናሰጣው እርጥበት ይይዘዋል። አምና ውጭ አገር ይሄዳል ያልነው አንድ መኪና ሙሉ፣ ጅቡቲ እንኳ ሳይደርስ ተመለሰብን። ያን ቀን ያላለቀሰች ሴት አልነበረችም። እኔም አልቅሻለሁ፤ ሰው ሳያየኝ።

እና ዘንድሮ ሄንድሪክ የሚባል ሰው ከሆላንድ አገር መጣ። ኩባንያው ሁለት ማድረቂያ ማሽንና የሻጋታ መመርመሪያ ሊተክልልን፣ በርበሬውንም አገሩ ወስዶ ሊሸጥልን። እሰየው ነው። በምትኩ የጠየቀው ከአክሲዮኑ ከመቶ ሃምሳ አንዱን፣ ከአምስቱ ወንበር ሦስቱን ነው።

ጠቅላላ ጉባኤ የተቀመጥነው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሠርክአዲስ ታስተረጉማለች፤ እዚሁ ቡሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የተማረች ልጅ ናት። ሰውዬው አፉን ሲከፍት የበርበሬው ብናኝ አፍንጫው ገባና አነጠሰ።

«ይማርህ!» አለ ቤቱ ሙሉ።

አመስግኖ ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግሞ አነጠሰ። «ይማርህ!» እንዲህ እያልን ስለ ትርፍ የሚያወራው ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሴቶቹ ወደዱት። እውነቴን ነው፣ እኔም ወደድሁት።

ግን ጠየቅሁት። «ጌታው፣ ሦስቱ ሰዎችዎ ከተስማሙ፣ በርበሬውን ከሌላ አገር ገዝተው በእኛ ስም መሸጥ ይችላሉ?»

አሰበ። ሰውዬው ውሸት አያውቅም። «ቦርዱ ከወሰነ ይቻላል። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ እቅድ የለንም» አለ።

ዛሬ የለም። ነገስ? ማሽኑ የእኛ ግቢ ቆሞ የሰው አገር በርበሬ ሲያደርቅ ታየኝ።

ሰብሳቢያችን ሲሳይነሽ «የምትደግፉ!» አለች። እጅ እንደ ማሽላ ዘለላ ቆመ። ሄንድሪክ ደስ ብሎት አነጠሰ።

በደንባችን አምስቱም የቦርድ አባላት ቃለ ጉባኤው ላይ ካልፈረሙ አክሲዮን አይሸጥም። አራቱ ፈረሙ። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ገልብጬ አስቀመጥሁት።

«ካሰች፣ ምነው? ሰው ሁሉ ደግፏል እኮ!» አለች ሲሳይነሽ።

«ሰው ሁሉ አፈረ እንጂ አልደገፈም» አልሁና አጠገቤ ወዳለችው ወይኒቱ ዞርሁ። «አንቺ፣ ለምን አወጣሽ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ታዲያ ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው ፊቱ ላይ እምቢ ልበለው? አንቺ ደግሞ!»

ይኸው ነው። እኛ አገር ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች እንኳ እዚያው እምቢ አይባሉም። ያበሏቸዋል፣ ያጠጧቸዋል፣ «ተማክረን እናሳውቃለን» ብለው ይሸኟቸዋል። የልብ ነገር የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሠርክአዲስ፣ እንግዳው ይሸኝ» አልሁ።

«ምን ብዬ ልንገረው እትዬ ካሰች?»

«እንዳለ ንገሪው። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው እምቢ ማለት ነውር ሆኖብን ነው በይው።»

ነገረችው። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ሳቁ መጣ። «ታዲያ ያ ሁሉ እጅ ምን ነበር?» አለ።

«አክብሮት» አለችው።

ስልሳ አራታችንም እስከ አስፋልቱ ሸኘነው። ባጃጅ ላይ አሳፍረን፣ እጅ አውለብልበን ተመለስንና በሩን ዘጋን። ሲሳይነሽ እንደገና «የምትደግፉ» አለች። ሦስት እጅ። አንዷ ጭራሽ ጥያቄውን አልሰማሁም ብላ መልሳ አወረደች።

ከዚያ ጫጫታው ቀለጠ። ግማሹ «ሰውዬው ጨርሶ ይቅር» አለ።

«ማሽኑስ? ዘንድሮም ሻጋታ ልንሸጥ ነው?» ብዬ ጮህሁ።

«አሁን ደግሞ ለእሱ ጠበቃ ሆንሽ?» አለችኝ ሲሳይነሽ። «አንቺን የፈጠረ!»

መላውን ያመጣችው ወይኒቱ ናት። ከመቶ አርባው የእሱ፣ ስልሳው የእኛ ይሁን፤ ሁለት ወንበር ይያዝ፣ ሦስቱ የእኛ። በርበሬ ከየት ይገዛ የሚለውን ደግሞ ቦርዱ ሳይሆን ይሄ ጉባኤ ይወስን። ስልሳ አንድ እጅ ወጣ፤ ያለ እንግዳ።

«ማን ይንገረው?» ሲባል ግን ሲሳይነሽ መሬት መሬት ታያለች። ያቺ መላ አምጪ ወይኒቱ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች።

«ፊት የማትፈሪው አንቺ ነሽ፤ ሂጂ» አሉኝ።

ከሠርክአዲስ ጋር ቡሬ ወዳረፈበት ሆቴል ሄድሁ። ጥብስ ቀርቦለታል፤ ብዪ አለኝ። መጀመሪያ ነገሬን ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርሁት። ስልኩን ይዞ ወጣ። ጥብሱ ቀዘቀዘ። ሰውዬው ሻንጣውን ቢያነሳ ስልሳ ሦስቱ ምን ይሉኛል?

ተመልሶ ተቀመጠ። «አለቆቼ አርባውን ተቀብለዋል፤ ሌላውንም እንዲሁ። ግን ለዚህ ድርሻ ዘንድሮ የምንተክለው አንድ ማድረቂያ ነው። ሁለተኛው ለከርሞ። ትስማሚያለሽ?»

አንድ ማድረቂያ ቢሠራ ሻጋታው በግማሽ ይቀንሳል። ልቤ እሺ ብሏል። አፌ ግን አላለም።

«እሱን እኔ ብቻዬን አልወስንም። ነገ ሴቶቹን እጠይቃለሁ» አልሁት። «እርስዎ ታዲያ አይምጡ። እዚሁ ይቆዩ።»

ሠርክአዲስ ሳቅ አፍኗት እስክትተረጉም ድረስ ጥብሱን ወደ እኔ ሳብሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተሰብስበን ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ፤ አርባ ዘጠኝ እጅ ደገፈ፣ አሥራ አምስቱ እምቢ አለ። አምስታችንም ፈረምን። ሲሳይነሽ ከሆቴሉ አስጠራችው፤ በሩ ላይ ደርሶ ገና እግሩን ሳያስገባ አነጠሰ፤ አሥራ አምስቱ እምቢ ያሉት ሁሉ ከማንም ቀድመው «ይማርህ!» አሉት።