የአባታችን ምንሽር ቁጥር

እኔ ጌታቸው ሰው አላምንም። ወንድሜን ኪዳነወልድን ደግሞ ጭራሽ! አባታችን ሲቀበር ምንሽሩ ለእኔ ለታላቁ ሲሰጥ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። አፉ «ይባርክልህ» ይበል እንጂ ዓይኑ ሌላ ነገር ይል ነበር።

ግን ምን ላድርግ? የሱሉልታ ጭጋግ ብረቱን በዝገት ጨረሰው። እኔ የመጋዘን ጥበቃ ነኝ፤ እንጀራዬ ያ ጠመንጃ ነው። ሰኞ ደግሞ የመሣሪያ ምርመራ አለ። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከፈቃዴ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ተፍቆ ከተገኘ ይወረስብኛል፤ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ቡራዩ ቤት ከፍቶ የበርና የመስኮት ብረት ከሚቀባው ከኪዳነወልድ በቀር ብረት የሚያክም ሰው አላውቅም። የጠመንጃውን እንጨት ፈትቼ ቤት ትቼ፣ ብረቱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በምን ይሁንልህ?» አለኝ። «ምድጃ ውስጥ የሚደርቅ ቀለም አለ፤ ዝገት አያስጠጋም።»

ቀለም! ቁጥሩን ደፍኖ ሊያስወርሰኝ! «አልፈልግም» አልኩት።

«ክሮምስ? እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።»

«ሌባ ከእንጦጦ ሆኖ እንዲያየኝ ነው?»

ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። «እንግዲያው መድኃኒት ውስጥ ነክረን እናጥቁረው። ይኼኛው ውፍረት የለውም፤ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። የአባባም ድሮ እንደዚያ ነበር። ነገ መጥተህ ትወስደዋለህ።»

ነገ? እኔ ስሄድ የሌላ ሰው አሮጌ ብረት ሊያስታቅፈኝ? «እዚሁ እጠብቃለሁ» ብዬ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ዝገቱን ፈገፈገ፣ ቅባቱን በሙቅ ውሃ አጠበ። እኔ ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ብረቱ ራቁቱን ነጥቶ ወጣ። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አጋደመውና፣ «ጋሼ፣ አደራህን፣ አሁን በእጅህ እንዳትነካው። የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ አይጠቁርም» አለኝ።

አሃ! ቁጥሩን እንዳላጣራበት ነዋ!

ሚስቱ ብርቅዬ ለምሳ ጠራችን። ንቅንቅ አልልም ስላት ትኩስ ፓስቲ በወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ፤ እሱ ሊበላ ገባ። ፓስቲዬን ጨርሼ ብድግ አልኩ። መነጽሬን ሱሉልታ ረስቼዋለሁ፤ ያለሱ ጥቃቅን ቁጥር አይነበበኝም። ስለዚህ አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ ጫን አድርጌ እያንዳንዱን ዳሰስኩት። የእኔው ነው። ተመስገን ብዬ ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ። ኪዳነወልድ በልቶ መጣና ምንም ሳይጠረጥር ብረቱን ማጥቆሪያው ውስጥ ነከረው።

ሲወጣ፣ ወይ ጉድ! ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ የአባቴ ጠመንጃ ልክ አዲስ እያለ! ደስታዬ ግን ቁጥሩ ጋ ስደርስ ቀጥ አለ። ቁጥሩ ላይ ግራጫ እድፍ ወጥቷል። ደሜ ፈላ።

«ልትፍቀው ነበር አይደል!» ብዬ ጮህኩ። «ድሮም አውቅሃለሁ! ምንሽሩ ለእኔ ሲሰጥ ዓይንህ ሲቀላ አላየሁም?»

ኪዳነወልድ ብረቱን ወደ ብርሃን አዙሮ እድፉን ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ቀኝ እጄን ያዘኝ። አውራ ጣቴ ላይ በልጅነቴ ማጭድ የሰነጠቀኝ ጠባሳ አለ፤ ያኔ ሸሚዙን ቀዶ ያሰረልኝ እሱ ነው። እድፉም መሐል ለመሐል ያው ስንጥቅ ነበረበት። ጣቴን ወስዶ እድፉ ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ።

«አባባ ሞቶ ነበራ፣ ጋሼ» አለኝ። «ዓይኔ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ለቅሶውን ቅናት ብዬው ኖርኩ! ሲያለቅስ አብሬው ማልቀስ ነበረብኝ እኮ።

«ተወው በቃ፣ እንደገና አጥቁሬ እሰጥሃለሁ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «እንዲሁ ይሁን። እያየሁት ልኑር።»

ሰኞ መርማሪው ኦቦ ሀሰኖ ቁጥሩን ከፈቃዴ ጋር አስተያየው። ገጠመ። እድፉን ግን በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼን ማነው የነካካው?»

ድሮ ቢሆን የወንድሜ ስም አፌ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም።»