የእትዬ የፎርሙላ ማኅደር

ሰው ደደብ ሲለኝ አልወድም። ያን ሳምንት ግን ደደብ የሆንኩት በገዛ ፈቃዴ ነው።

እኔና እትዬ የምንሠራው በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። እትዬ ጡረታቸው ደርሷል። ኃላፊው ግን «ፎርሙላዎቹን ለተተኪዋ አስረክበው፣ እሷም ገብቶኛል ሳትል ንቅንቅ የለም» አላቸው። ተተኪዋ እኔ ነኝ።

ሰውዬው እውነት አለው። እትዬ ሃያ ዓመት ያጠራቀሙት የኤክሴል ፎርሙላ ሁሉ «ማኅደር» በሚሉት አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያለው፤ ከያንዳንዱ ጎን በራሳቸው አንደበት ማብራሪያ ጽፈዋል። «ይቺ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር የቀረውን መድኃኒት ትለቅማለች። ባዶ ረድፍ ካገኘች ታኮርፋለች።» አንዴ ሲጫኑት የየክፍሉን መጠየቂያ ቅጽ በተራ የሚሞላውን ማክሮ ደግሞ «እንደ ባለቤቴ ወሬ ነው፤ መሃል ላይ ካቋረጡት ከሀ ይጀምራል» ብለውታል።

ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ሐኪሟ ሳምንትም አይሞላም ብሏታል። እትዬ «ሳትወልድ ልድረስላት» እያሉ ይንቆራጠጣሉ። እኔስ? እናቴ የሞተችው በልጅነቴ ነው። አብረን በሠራንበት ስድስት ዓመት ሙሉ «በልተሻል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይሂዱ ማለት አቃተኝ።

ስለዚህ አልገባኝም አልኩ። ሰኞ አስረዱኝ፣ አልገባኝም። ማክሰኞም ያው። ረቡዕ እስቲ ብቻሽን ሞክሪ ብለው ሲወጡ፣ ያቺን መድኃኒት ለቃሚ ፎርሙላ አበላሸኋት። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ወጣ። ሲመለሱ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዛሬም አልሆነልኝም» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ፎርሙላዋን አነበቡ።

«ማን ነካት?»

«እኔ። ሳላውቅ።»

«ሳያውቁማ ቅንፍ ይረሳሉ። አንቺ መደመሩን በመቀነስ ነው የለወጥሽው። ሦስት ወር ወደፊት መቁጠሯን ትታ ወደ ኋላ ትቆጥራለች፤ ያኔ ያለፈበትን ደግሞ ድሮ አስወግደነዋል። ልጄ፣ ይቺን እንዲህ ለማበላሸት መጀመሪያ አብጠርጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«መቼ ነው የገባሽ?»

«ሰኞ ጠዋት።»

«አውቄያለሁ። ሳልነግርሽ ባዶውን ረድፍ አጥፍተሽ ነው ያስጀመርሻት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው፤ እንዲያውም እኔው ተናደድኩ። «ልጅዎ እየጠበቀችዎት!»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። የጠራ መነጽር ነበር።

«አንቺን ጥሎ መሄድ ለኔ የቀለለኝ መሰለሽ? አንድ ቀን ብቻ ልጨምር አልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን።»

በራሴ አፈርኩ። ሁለታችንም ተቀምጠን ስንሞኛኝ፣ እዚያ አንዲት ልጅ ሆዷን ይዛ በር በር ታያለች። መቀነሱን ወደ መደመር መለስኩና ኃላፊውን ራሴ ጠራሁት። እሱ ፊት ፎርሙላዋን አስነሳኋት፤ አርባ ሦስት መድኃኒት ለቀመች። ማክሮውን ተጫንኩት፤ ቅጾቹ አንድ በአንድ ተሞሉ።

«ገብቶሻል ማለት ነው?» አለኝ።

«ሁሉም ገብቶኛል። ዛሬውኑ ይሂዱ።»

እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም። ኃላፊው መሰናበቻቸውን ፈርሞ እስኪጨርስ ድረስ ግን፣ ጠረጴዛው ሥር እጄን ጭብጥ አድርገው ይዘውት ነበር።