አንቀመጥም

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዎች ቤቴ ገቡና «ተቀመጡ» ብላቸው አንቀመጥም አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰው ቤት ገብቶ ቆሞ የሚቀር ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳያሰኝ አይወጣም።

ከፊት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ኮሶዬ ላይ ወላጅ ላጡ ልጆች የቆመ ማኅበር ይመራሉ። ከሳቸው ቀጥሎ ያርጋል፣ ደባርቅ ላይ ለወጣቶች ሙያ የሚያስተምር ድርጅት ያለው፣ አፉ ከፈረንጅኛ የማይላቀቅ ሰው። ከኋላ፣ በሩ ላይ፣ እየሩስ። የገዛ ምክትሌ እየሩስ! ነጠላዋን አጣፍታ መሬት መሬቱን ታያለች።

እኔ ዝናሽ እባላለሁ። ከሩቅ ቀበሌ ለትምህርት የሚመጡ ሴት ልጆች የሚያድሩበትን ቤት ዳባት ላይ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ እስከዛሬም የምመራው እኔ ነኝ። ሥራውን ለእየሩስ አስረክቤ በማግስቱ ጎንደር ልገባ ዕቃዬን በማዳበሪያ ቋጥሬ ጨርሻለሁ። ልጄ ስጦታ ልታግዘኝ ከጎንደር መጥታ ጓዳ ውስጥ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያደገችው እህቴ ዘንድ ነው። እኔ የሰው ሴት ልጆች ስሰበስብ የኔን ሰው አሳደጋት። መስከረም ሲጠባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፤ ከዚያ ፈተናው ወደሚጥላት ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። አንድ ቤት ለማደር የቀረችን ይህች አንዲት ዓመት ብቻ ናት። ከመስከረም ጀምሮ አብሬሽ ነኝ ብዬ ምዬላታለሁ፤ እህቴም ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል አስለቅቃልናለች።

«አባ፣ እግርዎን ያምዎታል፤ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ነገር ይዘን ነው የመጣን፣ ልጄ። የመጣንበት ሳይሞላ አንቀመጥም።»

ይቺን ቃል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ! እኛ በዚህ አካባቢ ያለን የትናንሽ ድርጅቶች መሪዎች በየወሩ፣ አንዴ ደባርቅ አንዴ ዳባት፣ እየተሰበሰብን ስለ አመራርና ስለ ገንዘብ ማሰባሰብ እንማማራለን። አሠልጣኝ የለንም፤ የቀናው ላልቀናው ያስተምራል። ተራዬ ሲደርስ የማደሪያውን ቦታ ከአንድ ሀብታም ነጋዴ እንዴት እንዳገኘነው ነገርኳቸው። ሰውየው ደብዳቤ ብንልክለት፣ ፕሮፖዛል ብናነብለት ወይ ፍንክች ብሎ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ልከንበት አንቀመጥም ሲሉት ነው የሰጠን። «ለጋሽ ፊት ቁሙ!» አልኩ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ። «የቆመ ሽማግሌ የሚመልስ ያገሬ ሰው የለም!» ያርጋል ቃሉን በትልቁ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ሁሉም አጨበጨቡ።

ባለፈው ወር ደግሞ ርዕሳችን መሪን መተካት ነበር። ለእየሩስ አስረክቤ እሄዳለሁ ስል አሁንም አጨበጨቡ። «ሰክሰሽን ማለት ይኼ ነው!» አለ ያርጋል። ጭብጨባ መቼም በነጻ ነው።

«ይናገሩ እንግዲህ» አልኩ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው። ለሦስታችንም ድርጅት በአንድ ውል የሚሰጡት ፈረንጆች የሚያውቁት ያንቺን ፊት ነው። ትሄዳለች ቢባሉ፣ ውሉን እናስብበት አሉ። እነሱ እስኪያስቡ የኔ ልጆች ምን ይብሉ?»

«አንድ ዓመት ብቻ፣ እትዬ ዝናሽ» አለ ያርጋል። «ትራንዚሽን በይው፣ መሸጋገሪያ። ውሉ እስኪታደስ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?»

«ባለፈው ወር ስታጨበጭብ ይሄ ተረት የት ሄዶ ነበር?»

«ያ ትምህርት ነበራ። ይኼ ኑሮ ነው።»

ጉድ እኮ ነው! ፊቱ እንኳ አልቀላም። አንድ ዓመት ብቻ ይለኛል፤ እኔስ ያለችኝ ስንት ሆነችና?

«እየሩስ አለች አይደለም እንዴ?» አልኩ። «ሥራውን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። እየሩስ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

እየሩስ ከበሩ ሳትነቃነቅ «አፈር ስሆን እትዬ፣ እኔ አልችለውም» አለች። «ስደውልላቸው የሚጠይቁኝ እርስዎን ነው። ደግሞ…» ድምፅዋ ቀነሰ። «ደግሞ እርስዎ እንዴት እንደኖሩ አይቻለሁ። እኔም ልጅ አለችኝ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ምን ብዬ ልቆጣት? ያለችው እውነት ነው።

ነሐሴ ነውና ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። እነሱ ቆመው እኔ መቀመጥ አልችልም፤ አራታችንም በማዳበሪያዎቹ መካከል ተገትረናል። ወደ በሩ ብሄድ እየሩስ አለች። ወደ ጓዳ ብገባ እንግዳ አቁሞ መሄድ ነው። ውጡልኝ ብል ነገ ዳባት ገበያ «ቄስ አቁማ መለሰች» ተብሎ ይወራል፣ ወሬውንስ ልቻለው፣ የኮሶዬ ልጆች ባዶ ሆድ ግን በሕልሜ ይመጣብኛል። የቄሱ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኒህ ሰው ደግ ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

«አባ» አልኩ፣ «ልጄ እኮ ከኔ ጋር የቀራት አንድ ዓመት ነው። እሱንም ትወስዱብኛላችሁ?»

«ወዲህ አምጫት፣ ልጄ።»

«ፈተና አለባት፤ ትምህርቷ ጎንደር ነው። እኔም እንዳልመላለስ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሳምንት ይዘጋል። ያውቁታል እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ ቄሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አውቄ ነው የምለምንሽ። በሞቴ።»

ጓዳ ውስጥ የጋዜጣው መንኮሻኮሽ ቆሞ ነበር። ስጦታ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ወጣች። የቄሱን መስቀል ተሳለመች። የሚንቀጠቀጠውን ጉልበታቸውን አየች፣ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። አየችኝ፣ ጠበቀችኝም። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃት ነበር። እኔ፣ ፈረንጅ ፊት ቆሜ አንደበቴ የማይያዝ ሴትዮ፣ ዝም አልኩ።

«ይቀመጡ፣ አባ» አለች። «እሺ ብላለች።»

አላልኩም ማለት ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ እሷ ስትለው ቀለለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከእኔ አፍ ስላልወጣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ወዲያው ሄደ፣ ጥፋቱ ግን ቀረ።

ተቀመጡ። ቄሱ መረቁኝ፤ ቤትሽን ይባርክ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ አሉ፤ እኔም አሜን አልኩ። ያርጋል ሁለት ጊዜ እጄን ጨበጠኝ። እየሩስ ልትስመኝ ተጠግታ ተወችው። ዝናቡ ሲያባራ ተያይዘው ወጡ።

ስጦታ የኔን ማዳበሪያዎች ትታ የራሷን ቦርሳ ዘጋች። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አክስቷ ዘንድ ደወለች።

«እቴቴ፣ ሁለቱን ክፍል ለተከራይ ስጪው… አዎ፣ ነገ ብቻዬን ነኝ የምመጣው… ኧረ አላመማትም፣ ደኅና ናት። ሥራ ይዟት ነው።»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ ፈለግሁ። ጆሮዬን አቁሜ ፈለግሁ። አልነበረም፤ አክስቷም ሥራ ነው ከተባለች ወዲያ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም።