የመጨረሻዋ ምት

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ጊታሩን ዝቅ ያድርግ!» አለ ዘፋኙ፣ ከጊታር ተጫዋቹ ሁለት ክንድ እንኳ ሳይርቅ።

ድራመሩ ወደ ጊታር ተጫዋቹ ዞረ። «ዝቅ አድርግ ይልሃል።»

«እሱም ጉሮሮውን ዝቅ ያድርግ በለው!»

«ጉሮሮህን...»

«ሰምቻለሁ!» አለ ዘፋኙ።

የባንዱ የመጨረሻ አልበም በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ አንድ ዘፈን የቀረው። ዘፋኙ የጊታር ተጫዋቹን እህት አግብቷል፤ አማቾች ናቸው። ጠባቸው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ የአልበሙ ሽፋን ነው። ዘፋኙ በመረጠው ፎቶ ላይ የአማቹ ጭንቅላት ከግንባሩ በላይ ተቆርጦ ቀረ። «ፀጉሩ እንደሆነ ድሮም አልነበረ፤ ምን ጎደለበት?» አለ ዘፋኙ። በቃ፣ እሳትና ጭድ ሆኑ። አልበሙን ጨርሰን እንበተን የተባባሉትም በድራመሩ በኩል ነው። የገዛ ራሱን መርዶ ሲያመላልስ ከረመ ምስኪኑ።

እነሱስ ብቻቸውንም ይሠራሉ። ድራም ብቻውን ተይዞ የት ይኬዳል? ጎረቤት ያባርራል እንጂ። ደግሞም ድራመሩ ይወዳቸዋል፤ ሁለቱንም፣ ከነድርቅናቸው።

የዘፈኑ መጨረሻ አልያዝ አለ። ዘፋኙ ድምፁን ይጎትታል፤ ጊታር ተጫዋቹ ቀድሞ ማቆም ሽንፈት መስሎት ይከተላል። ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠችው ድምፅ ቀጂ ራሷን ያዘች።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ዘፈን ነው ክርክር? ጋሼ፣ አንተ ትልቁን ሲምባል ቿ አድርገህ ስትመታ ሁለቱም ያቆማሉ። አለቀ።»

ተስማሙ፤ በድራመሩ በኩል።

ጀመሩ። ወይ መጫወት! እንደዚያን ቀን ተጫውተው አያውቁም። ዘፋኙ ኩርፊያውን ረስቶ እንደ ድሮው ጀርባውን በአማቹ ጀርባ ላይ ደገፍ አደረገ፤ አማቹም አልሸሸም። ድራመሩ ለመጨረሻዋ ምት ክንዱን አነሳ። ይህችን ከመታ ባንዱም አበቃ። ጣቶቹን ፈታ አደረገና የድራም ዱላዋን ለቀቃት፤ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች ከሁለቱ እግር ሥር ደረሰች።

«ምን ሆነሃል አንተ?» ጮኸ ዘፋኙ።

«አመለጠችኝ።»

«አመለጠችኝ ይላል እንዴ! ሰማኸው?» ዘፋኙ ወደ አማቹ ዞረ። «ዕድሜ ልኩን ሲመታ ኖሮ!»

«አርጅቷል ባክህ። ነግሬህ ነበር።»

«መቼ ነገርከኝ?»

«አሁን ነገርኩህ!»

ድራመሩ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ተቀበለ። ደስ አለው፤ አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም።

«እንድገመው?» አለች ቀጂዋ።

ድራመሩ የእጁን አንጓ ያዝ አደረገ። «ቀኝ እጄ እምቢ አለ። ነገ ይሁን።»

አማቾቹ እሱን እያሙ ተያይዘው ወጡ። ቀጂዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ የድራመሩ ጣቶች ሲፈቱ በመስታወቱ አይታለች።

«ነገስ ምንህን ነው የሚያምህ ጋሼ?»

ድራመሩ ዱላዋን ከወለሉ አንስቶ ትንሽ አሰበ።

«ግራዬን» አላት።