ተመላሽ ትኬትና ተመላሽ በሬ

ልጃችን መዓዛ አዲስ አበባ ልትዳር ሆነና በጥር አንዱን በሬዬን ሸጥሁ። የአዲስ አበባው መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሚስቴ ተዋበች ለልጇ ሠርግ መንገድ ላይ እንዳትቀር ፈራች። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን እንሂድ ተባለ።

በሬውን የገዛኝ ጎረቤቴ ዋለ ነው፣ በሃምሳ ስምንት ሺህ ብር። "እስከ ሚያዝያ ሚካኤል ገንዘቤን ከመለስህ በሬህን ትወስዳለህ፤ እስከዚያ ቆሞ ጭድ ይበላል" አለኝ። በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ነው። ወረቀት አልጻፍንም።

ትኬቱን የቆረጠልን ጥጋቡ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ትኬትም ይቆርጣል። ሁለት ዓይነት አለ አለን። ርካሹን አንዴ ከገዙት አይመለስም። የውዱ ቀን ይቀየራል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ውዱን ገዛሁ። ለሁለታችን ደርሶ መልስ አርባ አራት ሺህ በላ። የቀረችውን አሥራ አራት ሺህ ተዋበች ቋጥራ አስቀመጠቻት።

በየካቲት የሙሽራው አባት ታመሙና ሠርጉ ወደ ግንቦት ተሻገረ። ቀኑን ማስቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን ያሰብሁት በሬውን ነው፤ በአንድ በሬ አይታረስም። ጥጋቡ ዘንድ ሄጄ "መልስልኝ" አልሁት።

"ምንም ችግር የለም አባባ፣ ፍሌክሲብል ነው። በሃያ የሥራ ቀን ይገባል።"

ቆጠርሁ። ቅዳሜና እሑድን አወጣሁ። ልደታን፣ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ በዓለ ወልድን አወጣሁ። ሃያው ሲሞላ መጋቢት ሊያልቅ ነበር።

ጥጋቡ ሲያየኝ "አባባ ይርጋ፣ የት ጠፉ? ገንዘቡ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው" አለኝ።

"ወዴት ወጣ?"

"ትኬቱ ወደ ተከፈለበት የባንክ ካርድ።"

"ካርዱ የታለ?"

ጥጋቡ ኮምፒውተሩን መነካካት ጀመረ።

ገንዘብ የያዘ ሰው ዝም ካለ ሽማግሌ ይላክበታል። የቤተ ልሔም ደብሩን የኔታ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ለመንኋቸው። ዋለም "በሬው የኔም ጉዳይ ነው" ብሎ ተከተለ። ሦስተኛ ሽማግሌ አጣን፤ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው።

ጥጋቡ ወንበር አወጣ፣ ሕጉን አትሞ ለየኔታ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ትኬቱ ተመላሽ ነው። የመመለሻ ክፍያ ይቀነሳል። የካርድ ክፍያ አይመለስም። ገንዘቡ በተከፈለበት ካርድ ብቻ ይመለሳል።" ወረቀቱን አጠፉት። "በአንዱ መስመር ሰጠ፣ በሦስቱ ነሣ። ይህን የጻፈው ሰው ከማን ዘንድ ነው የተማረው?"

"የካርድ ክፍያ ምንድን ነው?" አለ ዋለ።

"ካርዱ ገንዘቡን ስላሳለፈ የሚወስደው ነው።"

"ኬላ ነው በለኛ! የመመለሻውስ?"

"ለመመለሱ ድካም።"

"ማን ደከመ?"

"ሲስተሙ።"

ዋለ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመው።

"ለመሆኑ ካርዱ የማን ነው?" አሉ የኔታ።

"የየኔነሽ" አለ ጥጋቡ ቀስ ብሎ።

የኔነሽ ሚስቱ ነበረች። ሱቁን አብረው ሲከፍቱ የባንክ ሂሳቡ በስሟ ወጣ። ትኬታችን በተቆረጠ በሁለተኛው ሳምንት ተጣልታው መካነ ኢየሱስ ወንድሟ ቤት ገባች። ካርዱም አብሯት ሄደ።

"ደውልላታ!"

"አታነሣልኝም፣ የኔታ። የመኪናውን እኔ ልቻል፣ እናንተ ብትሄዱ... ገንዘቡን ስታመጡ እግረ መንገዳችሁን እሷንም..."

"ሚስትህን እንደ ዕቃ ጭነን?" አሉ የኔታ። ቢሆንም ሄድን።

በደብረ ታቦር ዞረን ከሰዓት በኋላ ደረስን። የኔነሽ የየኔታን ጉልበት ስማ አስቀመጠችን።

"ልጄ፣ ሁለት ነገር ነው ያመጣን" ብለው ጀመሩ።

"ገንዘቡ ገብቷል፣ የኔታ። የማን እንደሆነ ስላላወቅሁ አልነካሁትም። ሁለተኛውን ይተውት።"

"ሳትሰሚው?"

"አውቀዋለሁ። ያ ሰውዬ ለደንበኛ የሚለውን አምስት ዓመት ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑ ሳይነሣ ከሆነ ይመለሳል፤ ከተነሣ በኋላ አይመለስም። እኔ ተነሥቻለሁ።"

የኔታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ሕግስ ሕግ ነው" አሉ።

ባንክ ሄዳ አውጥታ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ ላይ እሷ አንዲት ብር አልነካችም። ከአርባ አራት ሺሁ የጎደለውን ሲስተሙ በልቶታል።

ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የተዋበችን ቋጠሮ ጨምሬ ዋለ ደጅ ሄድሁ። "አራት ሺህ አምስት መቶ ይጎድላል። እሱን በመኸር በገብስ እከፍልሃለሁ" አልሁት።

ዋለ ቆጠረ። "ደግ። ግን ይርጋ፣ የመመለሻ ክፍያ አለ።"

"የምን?"

"የበሬው ነዋ። ሦስት ወር ጭድ በልቷል። ለመመለሱም ድካም አለ።"

"ማን ደከመ?"

"እኔ ነኛ!"

በረት ገብቼ በሬውን ዞሬ አየሁት። ማጅራቱ ላይ፣ ቀንበር የሚያርፍበት፣ ፀጉሩ ተልጧል። ዳሰስሁት፤ ቆዳው ደድሯል። ወጥቼ የዋለን ማሳ አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ታርሷል።

"ቆሞ ጭድ ይበላል አልነበር ያልኸኝ?"

"ታዲያስ?"

"እኔ ትኬቱን የመለስሁት ሳልሳፈርበት ነው። አንተ ግን ተሳፍረህበታል።"

ሚስቱ ሐረገ ወይን ከቤት ብቅ አለች። "አላልሁህም? አትጥመደው፣ ይርጋ ዓይኑ ክፉ ነው፣ ያያል አላልሁህም?"

ዋለ መሬት መሬቱን አየ። "ስንት ነው የምትል፣ ኪራዩ?"

"አራት ሺህ አምስት መቶ።"

"ኧረ በማርያም! ሁለት ሺህ።"

በሦስት ሺህ ተስማማን። አንድ ሺህ አምስት መቶ የገብስ ዕዳ ቀረብኝ። ዋለም የጭዱን ነገር ዳግመኛ አላነሣውም።

በሬውን እየነዳሁ ስመጣ ተዋበች ደጅ ቆማለች። "ለሠርጉስ በምን እንሄዳለን?" አለችኝ።

"በአውቶብስ።"

"መንገዱ ከተዘጋስ?"

በሬውን አሰርሁት። ቀኑ ዓርብ ነበር። ቅዳሜና እሑድን አወጣሁና ሰኞ ጠመድሁት።