የተዘቀዘቀው ጥለት

አማቴ እማማ ወለተ ሥላሴ «ሰርካለም እኮ ቁልፍ መትከል አትችልም» ማለት የጀመሩት ልጃቸውን ዮፍታሔን ባገባሁ ማግስት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አላቆሙም፤ ጉለሌ ውስጥ ያልሰማ የለም። እርግጥ አልችልም። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ከአፋቸው አንዴ እንኳ «እጅሽ ይባረክ» መስማት አማረኝ።

ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ የእጅ ስፌት ሥልጠና ገባሁ። አስተማሪዋ ሮሐ ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የመነኩሴ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ትገጣጥሚያለሽ፣ መሃሉ ጥጥ ታደርጊያለሽ፣ ላዩ ላይ ጌጥ እየለጠፍሽ ትሰፊያለሽ። ሲያልቅ የሚደረብ ወፍራም ልብስ ይሆናል፤ ኪልት ይባላል።

«ድሪቶ በይኛ!» አሉ አማቴ። «እኛ ከድሪቶ የወጣነው በስንት ስለት ነው፤ አንቺ ተመዝግበሽ ትገቢበታለሽ?»

ዋጥ አደረግኩት። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ትርፍራፊ ጨርቅና አንድ የሚያምር ጥለት ይዤ መጣሁ። መርፌው ያልወጋው ጣት የለኝም። ስፌቴ እንደ ሰካራም እግር ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥለቱን ግን በላይኛው ጠርዝ ሰፋሁት፤ ሲደርቡት ከፊታቸው ሥር ይታይ ብዬ። እንዳይወርድባቸውም በዚያው በኩል ማሰሪያ አበጀሁለት። አይ ብልጠት!

የማርያም ማኅበር እኛ ቤት የደረሰ ዕለት በሰው ፊት ሰጠኋቸው። ወዲያው ደርበው አሰሩት። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ዞረ። አንዷ ማኅበርተኛ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ውይ! ወለተ ሥላሴ፣ ማን ሞተብሽ?»

ያኔ ገባኝ። ጥለት ወደ አንገት የሚዞረው ነጠላ ለሐዘን ሲዘቀዘቅ ነው! ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስንት ለቅሶ አዘቅዝቄ የሄድኩት ሴትዮ አማቴን በቁማቸው ሐዘን አለበስኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንግዶቹ እንደወጡ መቀስ አነሳሁ። «አውልቁት፣ ጥለቱን ልፍታው» አልኩ፤ ከንዴቴ ብዛት እንባዬ መጣ።

«ተይው» አሉ። «ሴት ልጅ የለኝም። ስሞት አዘቅዝቀሽ የምታለቅሺልኝ አንቺ ነሽ። ያን ቀን ትለብሺዋለሽ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ በቃ» አሉ፣ ስፌቱን በጣታቸው እየዳበሱ። «እስከዚያ ግን ሥልጠናውን እንዳታቋርጪ። በዚህ ስፌት በገዛ ለቅሶዬ ታዋርጂኛለሽ።»